ለናሃል አሌክሳንደር ኤሊዎች የምናቀርበው ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት

ፀሐፊው፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ እስራኤል ውስጥ ከነታንያ ከተማ በስተሰሜን፣ በናሃል አሌክሳንደር ወንዝ ባለው የኤሊዎች ድልድይ ላይ ልንሠራ ያሰብነውን ለተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን በጽሑፍ እናቀርባለን ብለን ተስማምተን ነበር። የመጀመሪያው ረቂቅ «በኦገስት ሙቀት ኤሊዎቹን እንቁጠር» ይላል። አስተያየት ያላችሁ ጻፉ።

የባዮሎጂ መምህርቷ፦ በኦገስቱ አልስማማም። ኦገስት እስኪደርስ ውኃው ቀስ በቀስ ስለሚሞቅ የኤሊው ገላም አብሮ ይለምደዋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ የሜይ ሻራቭ፣ ያ ከበረሃ የሚመጣው ድንገተኛ ደረቅ ሙቀት ነው። ማታ ሹራብ ለብሰን አድረን በማግስቱ መተንፈስ የሚያቅተን ያ ቀን።

ኤሊ እንደ እኛ የራሱን ሙቀት ከውስጥ አያመነጭም። ውኃው ሲሞቅ እሱም ይሞቃል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ከፍ ሲል ገላው የሚፈልገው ኦክስጅን እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ውኃው ደግሞ በተቃራኒው ነው። በ20 ዲግሪ ንጹሕ ውኃ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። በ30 ዲግሪ የሚይዘው ግን 7 ተኩል ገደማ ነው። የእኛው ባለ ለስላሳ ቅርፊቱ የአባይ ኤሊ ደግሞ ውኃ ውስጥ ሆኖ በቆዳውና በጉሮሮው ኦክስጅን መውሰድ ይችላል። ውኃው ሲሞቅ ይኼ መንገድ አያዋጣውም። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ ወጥቶ በሳንባው መተንፈስ አለበት።

የሁለት ልጆች አባት፦ መምህርት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለፈው ዓመት ልጆቼ በረንዳ ላይ በፕላስቲክ ሳፋ ትንሽ ኤሊ ያሳድጉ ነበር። ሻራቭ በመጣ ቀን ከሥራ ስገባ አንገቱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ የሳፋውን ግድግዳ በጥፍሩ ይቧጥጣል። ልጆቹ ደንግጠው በረዶ ጨመሩበት። በማግስቱ ሞቶ አገኘነው። የገደለው ሙቀቱ ነው ወይስ በረዶው?

የባዮሎጂ መምህርቷ፦ አይዟችሁ፣ ልጆቹ ሊያድኑት ነው የሞከሩት። ለይቶ መናገር ይከብዳል፤ ሁለቱም ግን ድንገተኛ ነበሩ። ሙቀት ሲበዛ በሴሎች ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ቅርጻቸው ይበላሻል። ገላው ያን ጊዜ ሌሎች ጠባቂ ፕሮቲኖችን ያመርታል። እነሱም የተበላሹትን ይዘው እንደገና ያጥፏቸዋል። ይህ ሥራ ግን ጊዜም ጉልበትም ይፈልጋል። የጭንቀት ሆርሞንም ይነሳል፣ የልብ ምት ይፈጥናል። ወንዝ ውስጥ ያለ ኤሊ ወደ ጥልቁ ወይም ወደ ጥላው ይሸሻል። የሳፋው ኤሊ የሚሸሽበት አልነበረውም። ጥላ ውስጥ አስገብቶ ውኃውን ቀስ እያሉ ማቀዝቀዝ ነበር የሚሻለው።

ጋሼ (የማኅበሩ አንጋፋ)፦ ልጄ፣ ሙቀት ሲበዛ የሚፈለፈሉት ሁሉ ሴት ይሆናሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ይኼም ይግባ።

የባዮሎጂ መምህርቷ፦ ጋሼ፣ እውነት ነው፤ ግን ለሁሉም አይደለም። በዚያው ወንዝ ውስጥ ባለችው ትንሿ፣ ቅርፊቷ ጠንካራ በሆነው ኤሊ የጎጆው ሙቀት ፆታውን ይወስናል። ለስላሳ ቅርፊት ባላቸው ዝርያዎች ግን ፆታው የሚወሰነው በዘረመል ነው። ደባልቀን ከጻፍነው የሚያውቅ ሰው ገና ከመጀመሪያው ገጽ ይጥለዋል።

ጋሼ፦ እሺ፣ ተቀብያለሁ። እ.ኤ.አ. የ1991/92ቱን ጎርፍ ግን አትርሱ። ኤሊዎቹን ጠራርጎ ወደ ባሕር ወስዷቸው ሊያልቁ ነበር። ይኼው ለስላሳ ቅርፊት ያለው ዝርያ በእኛ አገር በኢትዮጵያ ኦሞ ወንዝም አለ። ለልጆቻችን ይኼ ይነገራቸው።

ወጣት አባል፦ ለመተንፈስ ስንት ጊዜ እንደሚወጡ እኔ በስልኬ እቆጥራለሁ። ቅዳሜ ሄጄ ሞክሬው ነበር። መጀመሪያ ምንም አይታይም፤ ከዚያ እንደ ቀጭን ቱቦ ያለ አፍንጫ ብቅ ይላል፣ ተንፍሶ ወዲያው ይጠፋል። ችግሩ፣ ሰው ከድልድዩ ላይ ዳቦ ሲወረውር ሁሉም ይወጣሉ። ለአየር ይሁን ለዳቦ አይለይም። የትኛው ኤሊ የትኛው እንደሆነም አላውቅም።

የባዮሎጂ መምህርቷ፦ ጎበዝ! ይኼማ ትልቅ ነገር ነው። እንግዲያው አንድ ኤሊ መከተሉን እንተወው። ከድልድዩ ራቅ ብለን፣ ጎብኚ ሳይመጣ ማለዳ፣ በተወሰነች ቦታ በ10 ደቂቃ ስንት ጊዜ አፍንጫ ብቅ እንዳለ እንቁጠር። ከሻራቩ በፊት፣ በሻራቩ ቀንና ካለፈ በኋላ። ቴርሞሜትሩን በገመድ አስረን ከላይም፣ አንድ ሜትር ታች ወርዶም እንለካ። ታችኛው ከቀዘቀዘ መሸሸጊያ አላቸው ማለት ነው።

ፀሐፊው፦ ረቂቁን አስተካክያለሁ፦

«ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ጁን መጀመሪያ፣ ሻራቭ በተተነበየ ቁጥር እንቆጥራለን። ወደ ኤሊዎቹ አንጠጋም፣ አንነካቸውም። የምናገኘውን ለባለሥልጣኑ ሰጥተን ሁለት ነገር እንጠይቃለን፤ በዳርቻው ጥላ የሚሰጡ ዛፎች እንዳይቆረጡ፤ እንዲሁም ዳቦ አትወርውሩ፣ የቤት ኤሊም ወንዙ ውስጥ አትልቀቁ የሚል ማስታወቂያ በአማርኛም እንዲለጠፍ።»

የሁለት ልጆች አባት፦ ቴርሞሜትሩን እኔ እገዛለሁ። ልጆቼም ማለዳ ይመጣሉ፤ ተነሱ ማለት ሳያስፈልገኝ ራሳቸው ጠይቀውኛል።

ፀሐፊው፦ እስከ ሐሙስ ማታ ተቃውሞ ካልመጣ ዓርብ ጠዋት እልከዋለሁ። ጋሼ፣ የጎርፉን አንቀጽ እርስዎ ቢጽፉልን?

ጋሼ፦ እጽፋለሁ። የምትተይብልኝ አንዷን ላኩልኝ ብቻ።