አዳፕተሩ ይገዛ ወይስ ይቅር? የማይመሳሰሉ ባትሪዎች ክርክር

ጠያቂው (ሜሪላንድ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጋራዤ የባትሪ ሱቅ መስሏል። ሳር ማጨጃው ማኪታ፣ ብሎወሩ (ቅጠል የሚነፋው) ዲዋልት፣ የአጥር መከርከሚያው ሪዮቢ። ቻርጀሩም ሦስት ዓይነት። አሁን ደግሞ የአንዱን ባትሪ ከሌላው ማሽን ጋር የሚያገናኝ ርካሽ አዳፕተር አየሁ። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? መንግሥትስ አንድ ዓይነት ባትሪ እንዲሠሩ ቢያስገድዳቸው ምን አለበት?

ቆጣቢው፦ ግዛ እንጂ! ባትሪዎቹ ላይ 18 ቮልት እና 20 ቮልት ማክስ የሚሉት ያው ነው። ውስጡ አምስት ሊቲየም ሴል (ትንንሽ ባትሪ) ተከታትሎ ተያይዟል። አንዱን ሴል በ3.6 ብትቆጥረው 18፣ ሙሉ ሲሆን በ4 ብትቆጥረው 20 ይሆናል። ዲዋልት አሜሪካ ላይ 20 ቮልት ማክስ ብሎ የሚሸጠውን አውሮፓ ላይ 18 ይለዋል። የሚለያየው ፕላስቲኩ ነው። እሱም የሌላው እንዳይገጥም ነው።

ኤሌክትሪሻኗ፦ ቮልቱ ላይ ልክ ነህ ወንድሜ። ግን ባትሪው ሲያልቅ ማነው "በቃ" የሚለው? ሴሉ ከ2.5 ቮልት አካባቢ በታች ከወረደ ይጎዳል። አንዳንዱ ብራንድ ባትሪው ራሱ ለማሽኑ ምልክት ይልካል። ዲዋልት ላይ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያቋርጠው ማሽኑ ነው። ርካሹ አዳፕተር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። የዲዋልቱን ባትሪ በሱ ሌላ ማሽን ላይ ብትሰካው "በቃ" የሚል የለም፤ ባዶ እስኪሆን ይመጥጠዋል።

ቆጣቢው፦ ድምፁ ሲላላ አወልቀዋለኋ! ሕፃን ነኝ እንዴ?

ኤሌክትሪሻኗ፦ ስልክ ቢደወልልህስ? ያለቀውን ባትሪ ቻርጀሩ ላይ ስትሰካው መብራቱ ብልጭ ድርግም ይልና አይቀበልህም። ያኔ ከሌላ ባትሪ በሽቦ "የሚያነቁት" ሰዎች አሉ። በጣም የወረደ ሴል ውስጥ መዳቡ ይሟሟል፤ እንደገና ሲሞላ ውስጥ ለውስጥ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው። ያውም ማታ፣ ቻርጅ ላይ እያለ።

ሳር አጫጁ (ቨርጂኒያ)፦ እንጀራዬ ሳር ማጨድ ነው። አንድ ብራንድ ይዞም መቀላቀል ጣጣ አለው። የኔ ማሽን ሁለት ባለ 18 ባትሪ አያይዞ በ36 ቮልት ይሠራል። ባለ 5 አምፒር-ሰዓቱን (ባትሪው የሚይዘው መጠን ነው) ከባለ 2ቱ ጋር ከከተትክ፣ ባለ 2ቱ ሲያልቅ ማሽኑ ቀጥ ይላል። ትልቁ ውስጥ ገና 3 ቀርቷል። ደግሞ በሚያዝያ እርጥብ ሳር ላይ ትንሹ ይግላል፤ ውስጡ አምስት ሴል ብቻ ነዋ። ባለ 5ቱ አሥር ስላለው ሸክሙን ይካፈላሉ። እኔ አብረው የተገዙትን ጥንድ ጥንድ አድርጌ በማርከር ቁጥር ጽፌባቸዋለሁ። አዲሱን ከአሮጌ ጋር አላጋባም።

የጀርመኗ፦ የሕጉን ነገር ልንገራችሁ። እዚህ አውሮፓ ለስልክ ቻርጀር ዩኤስቢ-ሲ ከ2024 (በፈረንጆቹ) መጨረሻ ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። ከየካቲት 2027 ጀምሮ ደግሞ የተንቀሳቃሽ ዕቃ ባትሪ ባለቤቱ ራሱ አውጥቶ የሚቀይረው እንዲሆን ሕግ ወጥቷል። አንድ ዓይነት ባትሪ ሥሩ ግን አይልም። ቢሆንም አንዳንድ ኩባንያዎች በራሳቸው ፈቃድ ተስማምተዋል። መከርከሚያዬ ጋርዴና ነው፣ ባትሪው ቦሽ። ያለ አዳፕተር ጠቅ ብሎ ይገባል።

ኢንጂነሩ፦ እኔ ሕጉን አልደግፍም። አንዱ ቅርፅ ሕግ ከሆነ የተሻለ ሴል ሲመጣ የሚያስገባው የለም። ማኪታ ወደ 40 ቮልት የሄደው ባለ 18ቱ ለከባድ ሥራ ስላልበቃ ነው።

ቆጣቢው፦ አዎ፣ ከ2005 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የተሸጠው ባለ 18 ባትሪም አዲሱ ላይ አይገጥምም! ማሽኑን ባዶውን በርካሽ ይሰጡህና ባትሪው ላይ ያራቁቱሃል። ሕዝቡ አዳፕተር የሚገዛው ጠፍቶት አይደለም።

ኤሌክትሪሻኗ፦ እዚህ ላይ ከቆጣቢው ጋር ነኝ። ጥፋቱ የገዢው ብቻ አይደለም። የግድ ከሆነ ፊውዝና ባትሪው ሲወርድ የሚያቋርጥ ሰርኪዩት ያለውን አዳፕተር ግዙ። ስትጨርሱ ከባትሪው ላይ ንቀሉት፤ ዩኤስቢ ያለው ዓይነት ቁጭ ብሎም ሊመጥ ይችላል። ቻርጅ ግን በራሱ ቻርጀር ብቻ። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ጠያቂው፦ የኔም ማጨጃ ሁለት ባትሪ ነው የሚይዘው። አንዱ ባለ 5፣ አንዱ ባለ 4። ልጣለው?

ሳር አጫጁ፦ ኧረ አትጣል! እኩል ያረጁ ከሆነ ትንሽ ቀድሞ ይቆምብሃል እንጂ ሌላ ችግር የለውም። ባለ 4ቱ ሲደክም ግን ሁለት ባለ 5 ግዛና ሁለቱንም ባንዴ ቀይር፤ የተረፈውን ብሎወሩ... ይቅርታ፣ ብሎወርህ ዲዋልት ነው ለካ።