ጥቆማ፦ ለላቫጆና ለክር ማቅለሚያ ፍሳሽ ሬድ አሽ፣ ኖራ፣ ቤንቶናይት ወይስ ዜኦላይት? (ጎንደር)

ጥያቄ (አዘዞ)፦ ላቫጆ ነው፣ በቀን 30 መኪና ገደማ ይታጠባል። ጎረቤት ክር ያቀልማል፤ የሁለታችንም ፍሳሽ አንድ ቦይ ይገባል። ዜኦላይት (ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ማዕድን) ብቻውን ሁሉን ያጣራል ብለው ዋጋ አቅርበውልናል። ይግዛ?

መልስ 1፦ አይግዛ። ዜኦላይት ጎበዝ የሚሆነው አሞኒያ (ከሽንት የሚመጣው) ላይ ነው፤ ለሆቴል ሴፕቲክ ታንክ ቢሆን እሺ። የላቫጆ ጣጣ ጭቃ፣ ዘይትና ሳሙና ነው፤ ዘይቱ ደግሞ የዜኦላይቱን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ሬድ አሽ (ቀዳዳማ ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ይበቃችኋል፣ ዋጋውም አይወዳደርም።

ስሌቱ ይሄው። በመኪና 150 ሊትር ብንይዝ በቀን 4.5 ሜትር ኩብ፣ በ10 የሥራ ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 450 ሊትር ነው። ውሃው በማጣሪያው ውስጥ በሰዓት ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳይወርድ ገንዳው 3 ካሬ ሜትር ይሁን። 70 ሳንቲ ሜትር ሬድ አሽ ሲሞላ 2.1 ሜትር ኩብ ይወስዳል። የሚመጣው ጭነት ግን ዱቄት ይበዛዋልና 4 ሜትር ኩብ እዘዙ፤ ሙሉ ሲኖትራክ ምን ያደርግላችኋል? በ10 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያለፈውንና 5 ሚሊ ሜትር ላይ የቀረውን ብቻ ተጠቀሙ፣ የሚፈሰው ውሃ እስኪጠራ እጠቡት። ከሥሩ 15 ሳንቲ ሜትር 02 ጠጠር (ለኮንክሪት የሚውለው) ይነጠፍ።

ከማጣሪያው በፊት ሁለት ጉድጓድ የግድ ነው፦ አንዱ ለደለል፣ አንዱ ለዘይት። የዘይቱ ጉድጓድ መውጫ ላይ ቲ (የT ቅርጽ ያለው የቧንቧ መገጣጠሚያ) ግጠሙና ታችኛው አፉ ውሃው ውስጥ ጠልቆ ይግባ፤ ያለዚያ የተንሳፈፈው ዘይት ተከትሎ ይወጣል። ሞተር በነጭ ጋዝና በብዙ ሳሙና የሚታጠብ ከሆነ ዘይቱ ከውሃው ጋር ተደባልቆ አይንሳፈፍም፤ ያንን ለብቻው በበርሜል ያዙት። የማጣሪያው ላይኛው ክፍል ሲደፈን ከላይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አውጥታችሁ ቀይሩ፣ ሁሉንም አትገልብጡ። ክረምት ላይ የጣሪያ ውሃ ገንዳው ውስጥ እንዳይገባ መከላከያ ጠርዝ ይሠራለት።

መልስ 2፦ የቀለሙን ፍሳሽ ከላቫጆው ለዩት፣ ሬድ አሽ ቀለም አይነቅልም። መጀመሪያ የክሩን ዓይነት ጠይቁ። የአክሪሊክ ክር ቀለም ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ የሸክላ አፈር) ይይዘዋል። ለጥጥ ክር የሚውለው ሪአክቲቭ የሚባለው ቀለም ግን ኔጌቲቭ ነው፣ ቤንቶናይትም ኔጌቲቭ ነው፤ ሁለቱ ይገፋፋሉ፣ ገንዘባችሁ ውሃ ይበላዋል። ለጥጡ ኖራ ሞክሩ።

ቤንቶናይት ስትገዙ 2 ግራም ወስዳችሁ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ ቀስ እያላችሁ በትኑ። በማግስቱ የተቀመጠው ከ20 ሚሊ ሊትር በላይ ካበጠ የሶዲየም ዓይነት ነው፣ ግዙ። አጠቃቀሙ፦ 50 ግራም በአንድ ሊትር ውሃ ሌሊቱን ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ለአንድ ሊትር ፍሳሽ 10 ሚሊ ሊትር። በደረቁ የሚበትኑት እየጓጎለ ይሰምጣል።

ኖራ ላይ ደግሞ አዲስነቱን እዩ። ሎሚ ጨምቁበት፤ ከተንቸፈቸፈ አየር መትቶት ወደ ድንጋይነቱ ተመልሷል፣ አይሠራም። 1 ኪሎ በ10 ሊትር በጥብጡ፣ አምስት ሃይላንድ ላይ አንድ አንድ ሊትር ፍሳሽ ቅዱ፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ አሥር ደቂቃ በዝግታ አማስሉ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከጠሩት ውስጥ ትንሹን መጠን ምረጡ። 4 ሚሊ ሊትር ከሆነ ለ1,000 ሊትር 4 ሊትር ብጥብጥ ማለት ነው።

መልስ 3፦ ኖራ የገባበት ውሃ ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው፣ 7 መካከለኛ ነው) ከ11 ሊያልፍ ይችላል፣ እንዲሁ አትልቀቁት። ክፍት ገንዳ ላይ አሳድሩ፣ በፒኤች ወረቀት ለኩ፣ ከ9 ሳይወርድ ቦይ እንዳይገባ። ዝቃጩም ሽንታ ወንዝ ዳር አይደፋ። የከተማው ወንዝ መገጭ ይገባል፣ መገጭ ጣና ይገባል፤ የሳሙናው ፎስፌት ለእምቦጭ ምግብ ነው። ዝቃጩን ላስቲክ ላይ አድርቁና በማዳበሪያ ከረጢት ያዙ፤ ቀለምና ዘይት ያለበት ስለሆነ ለአትክልት ማሳ አይሰጥም።