ቻቱን ልዝጋው ወይስ ልተወው?

ማታ አስተማሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ለ34 የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች በዙም ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ቻቱ ሊያሳብደኝ ነው። ስክሪን ሼር አድርጌ ስሠራ ከጎን ይንጋጋል፦ «ሃይ»፣ «ማነው ይሄ»፣ የሳቅ ኢሞጂ፣ መሃል ላይ አንድ እውነተኛ ጥያቄ። ካየሁት ሐሳቤ ይቆረጣል። ካላየሁት ደግሞ ያለፈው ሳምንት ዓይነት ጉድ ይመጣል፦ ማይኬ ተዘግቶ 7 ደቂቃ ሙሉ ስለ ክፍልፋይ ስለፈልፍ ልጆቹ «ቲቸር ድምፅ የለም» እያሉ ቻቱን ሞልተውታል። ያየሁት «ገባችሁ?» ካልኩ በኋላ ነው።

ተናድጄ ዘጋሁት። ክፍሉም አብሮ ጭር አለ። ማይክ ከፍታ የማታውቅ አንዲት ልጅ አለች፤ «ቲቸር፣ 12ቱ ከየት መጣ?» ብላ በቻት የምትጠይቀኝ እሷ ነበረች። አሁን እሷም የለችም። እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

ጠመኔ
ወንድሜ፣ መልሰህ ክፈተው። እኔን የገላገለኝ «ጻፉ፣ አትላኩ» የምትል ደንብ ናት። ጥያቄ እሰጣለሁ፣ ሁሉም መልሱን ይጽፋል፣ ማንም ሰንድ አይነካም። «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» ስል በአንዴ ይዘንባል። አለዚያ ፈጣኑ ልጅ ወዲያው ይለጥፋል፣ ሌላው ከሱ ይገለብጣል፣ አንተ ሁሉም የገባው ይመስልሃል። የመጀመሪያ ቀን 2/3 + 1/4 ሰጠሁ። ከግማሽ በላዩ 3/7 ብሎ አረፈው! ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምረው። በቃል ብጠይቅ 11/12 ያለውን ጎበዝ ሰምቼ አልፍ ነበር።

ለዝምተኛዋ ደግሞ፣ አንተ ስታስረዳ ተማሪዎች ለሆስት (ስብሰባውን ለከፈትከው ለአንተ) ብቻ እንዲጽፉ አድርገው፤ ቅንብሩ ላይ አለ። ወሬው ይቀራል፣ ጥያቄው ይደርስሃል። ስትመልስ ስሟን አትጥራ።

የፊዚክስ ሰው
ጥሩ ብሏል፤ ግን በስልክ የሚማሩትን አስባቸው። ቻት ሲከፍቱ ስክሪኑን ይሸፍንባቸዋል፣ እየጻፉ የምታሳየውን አያዩም። ስለዚህ ሲጽፉ ዝም በል። (እኔ ውኃ እጠጣለሁ፣ ካልሆነ አፌ አያርፍም።) ደግሞ ዘግይቶ የገባ ልጅ ብዙ ጊዜ ከሱ በፊት የተላከውን አያይም፤ ሊንኩን ድገምለት እንጂ «ልኬያለሁ እኮ» አትበለው።

ማታ አስተማሪ
ዛሬ ሞከርኩት። 3/4 − 1/3 ሰጠሁ፤ 2/1 የሚል 9 መልስ ዘነበ። እየሳቅሁ ሳለ ከዝምተኛዋ ልጅ ለብቻዬ መጣልኝ፦ «ቲቸር፣ 2 እኮ ከ3/4 ይበልጣል፤ ቀንሰን እንዴት ይበዛል?» ጮክ ብዬ አነበብኩት። 9ኙም መልሳቸውን አስተካከሉ።

ከዚያ በቡድን በቡድን ወደ ብሬክአውት ሩም (ዙም ውስጥ ወደሚከፈቱ ትንንሽ ክፍሎች) ላክኋቸውና ረጅም መመሪያ ቻቱ ላይ ጻፍኩ። ማንም አላየውም!

ጠመኔ
ዋናው ክፍል ላይ የጻፍከው እዚያው ነው የሚቀረው፣ ሩሞቹ ውስጥ አይገባም። ብሮድካስት የምትለውን ተጫን፤ ለሁሉም ሩሞች መልእክት የምትልከው እሷ ናት። እኔም ግማሽ ገጽ ለራሴ ጽፌ አውቃለሁ።