የሜላቶኒን ቅባት ለእንቅልፍ፦ መጠኑን በምን ላስላ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ኮምቦልቻ መድኃኒት ቤት ነው። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የሌሊት ፈረቃ የሚወጡ ወጣቶች ዘመድ ከውጭ የላከላቸውን የሜላቶኒን (ሰውነት ራሱ ማታ ማታ የሚያመነጨው የእንቅልፍ ሆርሞን) ቅባት ይዘው «ያስተኛል ወይ?» ይሉኛል። መልሱ ላይ ተቸግሬአለሁ።

ስለ እንክብሉ ግልጽ ነው፦ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 5 ሚሊ ግራም። ጉበት ስለሚሰብረው ደም ውስጥ የሚደርሰው በአማካይ 15 በመቶ ገደማ ነው፤ የዚያም ግማሹ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጠፋል። ቅባቱ ግን ደም ውስጥ ከመግባቱ በፊት በጉበት በኩል አያልፍም። ሞለኪውሉ ትንሽ (ክብደቱ 232 ዳልተን) እና ስብ ወዳድ ስለሆነ ቆዳ ውስጥ መግባቱን አልጠራጠርም። ግን የላይኛው የቆዳ ሽፋን እንደ ጎተራ አጠራቅሞ ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። ጠዋት 2 ሰዓት ተቀብቶ የተኛ ልጅ ማታ ማሽን ፊት ቆሞ ቢያንጎላጅስ?

የባሰው ደግሞ ቱቦው ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። አንድ የጣት ጫፍ ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ «1 በመቶ» ቢል ኖሮ 5 ሚሊ ግራም ብዬ አሰላ ነበር። አሁን በእጄ ያለው ላይ ሜላቶኒን ከላቬንደር ዘይት ቀጥሎ፣ ያለ ምንም ቁጥር ተጽፏል። እንዲህ ያለውን ሽታውና ማሸቱ ያዝናናል እንጂ መድኃኒት ነው ለማለት ይከብደኛል።

የቅባት አዘገጃጀት የምታውቁ፣ በተለይ ደሴ ያላችሁ፦ መቶኛው ካልታወቀ ከናካቴው አትቀቡ ልበል? ክንድና ሆድ ላይ ሲቀባ የመግባት ፍጥነቱ ምን ያህል ይለያያል? ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) ለሚወስድ ሰውስ እንደ እንክብሉ ልከልክል?