የሳይንስ ክበቡ ክርክር፦ ተማሪዎች ዘላይ ሸረሪት በቤታቸው ያኑሩ ወይስ አያኑሩ?

አወያይ፦ በከተማችን በጎንደር የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበቡ አባላት ዘላይ ሸረሪት ወደየቤታቸው ወስደው እንዲንከባከቡ በማሰቡ ወላጆች ለሁለት ተከፍለዋል። ደጋፊም ተቃዋሚም ምክንያቱን ቢያስረዳ መልካም ነው።

የሁለት ተማሪዎች እናት፦ እኔ እቃወማለሁ። ሸረሪት ሸናችበት ተብሎ ከንፈሩ ወይም ጎኑ ውሃ የቋጠረ ሰው በየሰፈሩ አለ። ደግሞስ ለጥምቀት እንግዳ ሲመጣ ድሯን ከየጥጉ ጠርገን የምናስወጣትን ፍጥረት በዕቃ አስቀምጠን ዝንብ እያደንን እንቀልባት ማለት ምን የሚሉት ነገር ነው?

የጤና ባለሙያ፦ እህታችን ስለ ቁስሉ ያነሱት ስጋት ብዙዎች የሚጋሩት ቢሆንም ሸረሪቷን ግን አይመለከታትም። ጎን ላይ ተሰልፎ የሚወጣው አልማዝ ባለጭራ፣ ቀድሞ ጉድፍ ያስያዘው ቫይረስ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ሲቀሰቀስ የሚመጣ ሕመም ነው፤ የከንፈሩም በአብዛኛው የሌላ ቫይረስ ሥራ ነው። ዘላይ ሸረሪት መርዝ ያላት ለምታድነው ነፍሳት ሲሆን፣ ሰውን የምትነክሰው ስትጨመቅ ነው፤ እሱም ቢሆን በአብዛኛው ከጥቂት ሕመምና መቅላት አያልፍም።

የባዮሎጂ መምህር፦ እኔ እደግፋለሁ፤ በመጀመሪያ ግን እህታችን ከየጥጉ የሚጠርጉት ድር የዚህችኛዋ እንዳልሆነ ላስረዳ። ከ6,000 በላይ ዝርያዎች ያሉት የዘላይ ሸረሪቶች ቤተሰብ በጥቅሉ ወጥመድ አይዘረጋም፤ ፀሐይ ባረፈበት ግድግዳ ላይ ዝንቧን እያደባች ትጠጋና፣ ከመዝለሏ በፊት ክሯን ከቆመችበት አጣብቃ ትወረወራለች፤ ብትስት እንኳ በዚያው ክር ተንጠልጥላ ትመለሳለች። ከስምንቱ ዓይኖቿ ሁለቱ ትልልቆች ፊት ለፊት በመሆናቸው፣ ጣት ሲቀርብላት ዞር ብላ ታያለች። ልጆቹን የሚማርካቸውም ይህ ነው።

በምርጫ ጊዜ ሆዷ ሞላ ያለና ያልተጨማደደ፣ እግሮቿ የተሟሉ፣ የጣትን እንቅስቃሴ በዓይኗ የምትከተል ትመረጥ። ዕድሜዋ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት ብዙም ስለማያልፍ፣ ካደገችው ይልቅ ገና በማደግ ላይ ያለችውን መያዝ ይሻላል። ማኖሪያዋ ከስፋቱ ቁመቱ የሚበልጥ፣ በመርፌ የተበሳሳ ጥርት ያለ የፕላስቲክ ዕቃ ይሁን፤ መክፈቻው ግን በጎን ወይም ከታች ይሁን፤ የምትተኛበትን የሐር ከረጢት ከላይ ክዳኑ ሥር ስለምትሠራ፣ ክዳኑ በተነሣ ቁጥር ቤቷ ይቀደዳልና። ውሃ በሳህን ሳይሆን በዕቃው ግድግዳ ላይ በጠብታ ይረጭላት። በየሁለት ሦስት ቀኑ ከአካሏ የማይበልጥ ዝንብ ይበቃታል፤ ፍሊት የተነፋበት ቤት ዝንብ ግን ይገድላታል። ከረጢቷን ዘግታ መብል ካቆመች ቆዳ እየቀየረች ነውና፣ በሕይወት ያለ ምግብ ከዕቃው ወጥቶ እስክትወጣ ድረስ አትነካ። ሁለት ሆነው ከተቀመጡ አንዷ ሌላዋን ትበላለች።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ መምህር ባሉት ብስማማም፣ በውጭ አገር የሚሸጠው ፊዲፐስ ሬጂየስ የተባለው ዝርያ ትልቅና እጅ ላይ ለመያዝም የሚመች በመሆኑ እሱን ማስመጣት አይሻልም?

የባዮሎጂ መምህር፦ አይሻልም። እሱ የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካና የካሪቢያን ደሴቶች ተወላጅ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ ሌሊቱን ማሞቂያ ሊያስፈልገው ነው፤ መብራት በሄደ ቁጥር ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ቢያመልጥ ደግሞ ለአካባቢያችን ባዕድ ነው። የራሳችን ግድግዳ ያበቀላት እያለች ለምን ጉምሩክ ድረስ እንሄዳለን?

የግብርና ባለሙያ፦ የራሳችንም ብትሆን በግድግዳው ላይ ብትቀር ዝንብ ትቀንስልናለች። ደግሞም ደም የጠጣች የወባ ትንኝ መርጣ የምታድን ዘላይ ሸረሪት አለች ተብሎ ለደንቢያ ወባ መፍትሔ ተገኘ የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። እርግጥ አለች፤ የምትታወቀው ግን በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ነው፤ በአጎበርም ምትክ አትሆንም። ለልጆቹ እንዲህ ያለ ተስፋ አይሰጣቸው።

የባዮሎጂ መምህር፦ በዚህ እስማማለሁ። ለጥናት የምትያዘው በየክፍሉ አንዲት ብቻ ብትሆን የግድግዳውን ሥራ አታጓድልም።

የሁለት ተማሪዎች እናት፦ ስለ ቁስሉ የተሰጠውን ማብራሪያ ተቀብያለሁ፤ ቤት ለማስገባት ግን አሁንም እምቢ ባይ ነኝ። በትምህርት ቤት ትቀመጥ ከተባለ አልከለክልም፤ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሲዘጋስ ማን ያበላታል?

የባዮሎጂ መምህር፦ ከመዘጋቱ በፊት ፀሐይ ባለበት ቀን ከተያዘችበት ግድግዳ ላይ ትለቀቃለች፤ እንቁላል የጣለች ካለች ደግሞ ቀኑን ሳትጠብቅ ከነከረጢቷ ቀድማ ትወጣለች። በቤት ማኖሩን በተመለከተ የየወላጁ ፈቃድ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ እርስዎ ያልፈቀዱት ቤት አትገባም።