ጀምበር ስትጠልቅ ጨረሩ የሚያሻቅብብኝ ለምንድን ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። የመሬት ገጽ ሞዴል (የአፈርን፣ የዕፅዋትንና የውኃን ሁኔታ የሚያሰላ ፕሮግራም) ከከባቢ አየር ሞዴል ሳይጣመር ለብቻው ለማስኬድ፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለውን የየሰዓቱን የአየር ሁኔታ ግብዓት ከኢራ 5 (ERA5፣ ያለፈውን የአየር ሁኔታ ልኬትንና ሞዴልን አጣምሮ ከሚያቀርበው የአውሮፓ የመረጃ ስብስብ) አዘጋጅቻለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ግን አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ።

እርጥበቱን ከጤዛ ነጥብና ከአየር ግፊት አስልቼዋለሁ፤ እሱ ደህና ነው። ያስጨነቀኝ የፀሐይ ጨረሩ ነው። የአንድ ሰዓት ድምር ሆኖ በጁል ስለሚቀመጥ ለ3600 አካፍዬ ወደ ዋት ቀየርኩት። ቀን ቀን ቁጥሩ ያምራል። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ግን ሞዴሉ አንዳንዴ በካሬ ሜትር ከ1500 ዋት በላይ ያነባል! ከከባቢ አየር ጫፍ ላይ እንኳ የሚደርሰው 1361 ገደማ ነው። ፋይሉ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ቁጥር ፈጽሞ የለም።

የምጠረጥረው የሰዓት ምልክቱን ነው። በኢራ 5 «18:00» የተባለው ጨረር ከ17:00 እስከ 18:00 የተጠራቀመው ነው። ሞዴሉ ግን የ18:00ን ዋጋ ከ18:00 እስከ 19:00 አድርጎ ወስዶ፣ በፀሐይዋ ማዕዘን መጠን ይደለድለዋል። ፀሐይ የምትታየው ለአምስት ደቂቃ ብቻ ከሆነ የሰዓቱ ጨረር በሙሉ እዚያች ላይ ይከመራል።

የጊዜ ዘንጉን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስገፋው ጨረሩ ተስተካከለ። ሙቀትና ነፋስ ግን የቅጽበት ልኬቶች ናቸው፤ በዚያው ፋይል ስላሉ አብረው ተዛነፉ። ጨረርና ዝናብን በተለየ ፋይል ላስቀምጥ ወይስ የሁለት ተከታታይ ሰዓታትን ሙቀት ላማክል (አማካዩን ልውሰድ)? ማማከሉ የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት እንዳያለዝብብኝ እፈራለሁ።

ሞዴሉ የሚቀበለው የ365 ቀን ዓመት ስለሆነ ስምንቱን የካቲት 29 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ሰርዣለሁ። የእነዚያን ቀናት ዝናብ መጣሉ የውኃ ሚዛኑን ይጎዳ ይሆን? ይህን ያለፈበት ሰው ቢመራኝ ውለታው ትልቅ ነው።