ሆይ አንን በምሽት መጎብኘት፦ ስንት ሰዓት እንጀምር? ምን እንብላ? ጀልባውስ?

የበረሳዋ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም የቤቱ ሰዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ከደብረ ብርሃንና ከአንኮበር የተውጣጣን 9 አስጎብኚዎች ለሥልጠና ወደ ቬትናም፣ ዳ ናንግ ከተማ እንሄዳለን። ከሥልጠናው መሀል አንድ ከሰዓት በኋላና ምሽት ነፃ ነው። በዚያ ጊዜ ወንዝ ዳር ያለችውን ጥንታዊቷን ሆይ አን በአስጎብኚ ለማየት አስበናል። ማስተባበሩ የእኔ ስለሆነ፣ ከሚያውቅ ሰው ቁርጥ ያለ መልስ እፈልጋለሁ።

የጠየቅኳቸው ድርጅቶች የላኩልኝ ፕሮግራም ሁሉ «ከ18:00 ጀምሮ ሦስት ሰዓት» ይላል። ይኼ ይበቃል? የፋኖስ ምሽት የሚሉት ቀን ከገጠመንስ ያኔ ብናደርገው ይሻላል ወይስ ይቅርብን? ጀልባ መሳፈሩ ዋጋ አለው? ሁለቱ አባላት በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው፣ አንደኛው ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አስጎብኚው በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ከእኛ አንዱ ወደ አማርኛ ይመልሳል። ቀኑ ረቡዕ ላይ ሊውል ስለሚችል የጾሙ ነገር፣ በፍስክ ቀን ከሆነ ደግሞ የአሳማ ሥጋው ነገር አሳስቦኛል።

ስንመለስ እኛም በአካባቢያችን የምሽት ጉብኝት ለመጀመር ስላሰብን፣ እዚያ ሳለን ምን ምኑን ልብ ብለን እንይ?


ጣርማበር

እህቴ፣ 18:00 ላይ ጀምሩ ያለሽን ድርጅት አትቀበዪው። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ማለት ነው። ያኔ ፀሐይ ጠልቃለች ወይም ልትጠልቅ ነው (ታኅሣሥ ላይ 11:20 ገደማ፣ ሰኔ ላይ 12:20 ገደማ ትጠልቃለች)፤ ጥንታዊዎቹ የነጋዴ ቤቶችም በር መዝጋት ይጀምራሉ። የእንጨት ቅርጹም ሆነ በግድግዳው ላይ ያለው የጎርፍ ምልክት የሚታየው ከውስጥ ግቢው በሚገባ የቀን ብርሃን ነው። በጨለማ የገባ ቡድን ፋኖስና ሱቅ አይቶ ይወጣል። ከተማዋ በ1999 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ለምን እንደተመዘገበች ሳይገባው ይመለሳል ማለት ነው። ለአስጎብኚዎች ይኼ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ስለዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት (16:00) ጀምራችሁ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል (20:30) ላይ ጨርሱ። ከዳ ናንግ ሆይ አን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 9 ሰዓት ላይ ከሆቴል ውጡ። አሮጌው ሰፈር ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ (15:00 እስከ 21:30) ለሞተርም ለመኪናም ዝግ ስለሆነ ሚኒባሱ ዳር ላይ አውርዷችሁ ይመለሳል። መመለሻ ላይ የት ቆሞ እንደሚጠብቃችሁ ስትወርዱ ተስማሙ፤ ማታ በሕዝቡ መካከል ሾፌር መፈለግ አድካሚ ነው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰውዬ ሰው ከፊት ተቀምጦ ከኋላ በፔዳል የሚነዳ ባለ ሦስት ጎማ ሳይክል አለ፤ ዋጋውን ከመሳፈራቸው በፊት አስጎብኚው ይቁረጥላቸው።

መንገዱን እንዲህ ያዙት። መጀመሪያ ትራን ፉ ጎዳና ላይ ያለው፣ ከቻይናዋ ፉጂያን የመጡ ነጋዴዎች መሰብሰቢያ አዳራሽ። የባሕር ተጓዦች ጠባቂ ናት ለምትባለው ለቲየን ሃው የተሠራ ነው። ከጣሪያው እንደ ሞሶብ ክዳን ሾጠጥ ብለው የተንጠለጠሉት ጥምዝ ዕጣኖች ናቸው፤ ከሥራቸው አትቁሙ፣ አመድ ይረግፋል። ሁለተኛ ታን ኪ ቤት። ጠባብና ረጅም ነው፤ ፊቱ በንጉየን ታይ ሆክ ጎዳና ሱቅ ነበር፣ ጀርባው ወደ ወንዙ ወጥቶ ዕቃ ይጫንበትና ይራገፍበት ነበር። ግድግዳው ላይ በየዓመቱ ውኃው የደረሰበት ተመዝግቧል፤ የ1964ቱን ፈልጋችሁ እዩ። ቤተሰቡ እስካሁን እዚያው ይኖራል። ሦስተኛ በተለምዶ የጃፓኖች ድልድይ የሚባለው ቹዋ ካው። በ1593 በጃፓን ነጋዴዎች እንደተጀመረ ይነገራል፣ ርዝመቱ 18 ሜትር ያህል፣ ጣሪያ ያለው ነው። ተጠግኖ በነሐሴ 2024 እንደገና ተከፍቷል። በአንዱ ጫፍ የውሾች፣ በሌላው የዝንጀሮዎች ሐውልት አለ፤ ሥራው በዝንጀሮ ዓመት ተጀምሮ በውሻ ዓመት ስላለቀ ነው ይላሉ። ከድልድዩ ማዶ ፉንግ ሁንግ ቤት አለ። ፎቁ ወለል ላይ ያለችውን መዝጊያ አስከፍታችሁ ተመልከቱ፤ ጎርፍ ሲመጣ ዕቃ ወደ ላይ የሚጎተትባት ናት።

እዚህ ላይ ትርጉሙን አስቢ። አስጎብኚ ተናግሮ ሌላው ሲመልሰው ጊዜው እጥፍ ይሆናል። ድርጅቶቹ ስምንትና ዘጠኝ ማቆሚያ ይደረድራሉ፤ ለእናንተ አራቱ ይበቃሉ። ከድልድዩ ላይ ምንም ማብራሪያ አይሰጥ። ጠባብ ነው፣ አስር ሰው ቆሞ ሲያዳምጥ መንገዱ ይዘጋና ተርጓሚው ሳይጨርስ ይገፋችኋል። ማብራሪያው ከድልድዩ በፊት ጥግ ይዞ ይለቅ፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ ተሻገሩ። ለአስጎብኚው ይኼን ቀድመሽ በጽሑፍ ላኪለት፤ በአንድ ጊዜ ከሁለት ደቂቃ በላይ እንዳይናገርም ንገሪው። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ካርዱን አንገቱ ላይ ማንጠልጠል አለበት፣ ሳታዪ ውል አትግቢ።

የቅርስ ቦታ ትኬት ለውጭ ዜጋ 120,000 ዶንግ ነው፤ በየበሩ አንድ አንድ ቁራጭ ይቀደድለታል። የድርጅቱ ዋጋ ትኬቱን ያካትት እንደሆነ ጠይቂ። «ያካትታል» ካሉሽ ቁራጮቹን በእጃችሁ ያዙ፤ ቀሪውን በማግስቱም ልትፈልጉት ትችላላችሁ።


ሞላሌ (መንዝ)

ስለ ምግቡ እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱም የሆይ አን ስመ ጥር ምግቦች አብዛኞቹ ለእኛ ሰው አይሆኑም፤ አስጎብኚው ደግሞ ደስ ሊያሰኛችሁ ብሎ ቀጥታ ወደ እነሱ ነው የሚወስዳችሁ።

ካው ላው የሚባለው የከተማዋ ወፍራም ኑድል ላዩ የአሳማ ሥጋ ነው፣ አንዳንዴም የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ ይበተንበታል። ሚ ኳንግ ብዙ ጊዜ ሽሪምፕና አሳማ አብሮ አለበት። ባን ሴዎ የሚሉት ቢጫ ቂጣም እንደዚያው። ባን ሚ ዳቦው ውስጥ የሚቀባው ፓቴ ከአሳማ ጉበት ነው፤ «የዶሮ ስጡኝ» ብትሉም ፓቴው ሊቀባ ይችላል። ነጭ ጽጌረዳ የሚሏት በእንፋሎት የበሰለች ጥቅልል ሽሪምፕ አለባት። በፍስክ ቀን የማያስቸግረው ኮም ጋ ነው፤ በዶሮ መረቅ የተቀቀለ ሩዝ፣ የተፈለፈለ ዶሮ፣ ሽንኩርትና ቅጠላ ቅጠል። ሆይ አን በእሱም ትታወቃለች፣ ስለዚህ ምንም አይቀርባችሁም። አሳማ በአካባቢው አነጋገር «ቲት ሄዮ» ነው።

ጾም ከሆነ የምትፈልጉት ቃል «ቻይ» ነው። የቡድሃ እምነት ተከታዮች የሚበሉት ከሥጋም ከዓሣም የጸዳ ምግብ ነው፤ «ቻይ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቤት የካው ላው ቻይ፣ የቶፉና የእንጉዳይ ምግብ ይሠራል። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ተራ ምግብ ቤት ገብታችሁ «ሥጋ አታድርጉ» ብትሉ ሥጋውን አውጥተው መረቁንና የዓሣ ሶሱን ይተዉታል፤ ለእነሱ ሶሱ ጨው ማለት ነው። ስለዚህ ቻይ ብቻ የሚሠራ ቤት ምረጡ። ሁለተኛ፣ ቻይ ላይ እንቁላልና ወተት ሊኖር ይችላል። «እንቁላል የለበትም፣ ወተት የለበትም» የሚለውን የሆቴሉ ሰው በቬትናምኛ በወረቀት ይጻፍላችሁና አሳዩ። በቃል አትሞክሩት፤ ቋንቋው የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ስለሚለይ አጠራራችሁ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ቡናም ስታዙ «ካፌ ዴን» በሉ፣ ጥቁሩ ነው። ሌላው ጣፋጭ የታሸገ ወተት ተደርጎበት ነው የሚመጣው።

እራቱን ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት ብሉ። ከዚያ በኋላ 10 ሰው አንድ ላይ የሚቀመጥበት ወንበር ማግኘት ይከብዳል።


ሮቢት

ጀልባውን በተመለከተ፦ መሳፈሩ ቀላል ነው፣ ግን ከመንገድ ላይ ከሚጠራችሁ ሰው አትግዙ። ወንዙ ዳር የትኬት መሸጫ አለ። ከ1 እስከ 3 ሰው 150,000 ዶንግ፣ ከ4 እስከ 5 ሰው 200,000 ዶንግ፣ 20 ደቂቃ ያህል። ለ9 ሰው ሁለት ጀልባ ይሆናል፣ 400,000። አስጎብኚው ከአንደኛው ጋር ይሁን፣ ተርጓሚው ከሌላው።

ጀልባዎቹ ትንንሽ ናቸው። ሲገቡ እግር ጠርዙ ላይ ሳይሆን መሀሉ ላይ ያርፍ፣ ወዲያው ቁጭ። የአደጋ ጊዜ ጃኬቱን ጀልባው ከመነሣቱ በፊት ልበሱት፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ፣ ባለጀልባው ካላስታወሳችሁ እናንተ ጠይቁ። እኛ ደጋ ያደግን ብዙዎቻችን ዋና አንችልም፣ ውኃውም ማታ ጥልቀቱ አይታይም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው መውጫው ደረጃ ርጥብና ከፍ ያለ ስለሆነ ባይገቡ ይሻላል፤ ወንዙን የሚያሻግረው የአን ሆይ ድልድይ ላይ ቆመው ሁሉንም ያያሉ።

ሻማ የበራባት የወረቀት ፋኖስ ውኃ ላይ እንድትለቁ ይለምኗችኋል። እኔ ባትለቁ እመርጣለሁ፤ ወረቀቱ ወንዙ ውስጥ ነው የሚቀረው።

ጥቅምትና ኅዳር ከሆነ ጎርፍ አለ። ከሁሉ ቀድሞ ውኃ የሚገባበት ወንዙን ተከትሎ የሚሄደው ባክ ዳንግ ጎዳና ነው። ቱ ቦን የሚባለው ይኸው ወንዝ ሲሞላ ጀልባም ይቆማል። ጠዋት ላይ አስጎብኚው ጋ ደውዪ፣ ከሰዓት በኋላ አይደለም።


የበረሳዋ

እግዜር ይስጥልኝ። ሰዓቱን ወደ 10 አመጣዋለሁ። የፋኖሱን ምሽት ነገር ግን ማንም አልነካውም። አንኮበር ላይ ምን እናድርግስ?


አንኮበሬ

የፋኖሱ ምሽት በጨረቃ አቆጣጠራቸው በየወሩ በ14ኛው ቀን ነው፣ ጨረቃ ልትሞላ አንድ ቀን ሲቀራት። ሲመሽ የኤሌክትሪክ መብራቱን ያጠፉና መንገዱ በፋኖስ ብቻ ይቀራል። ያምራል፤ ግን ሕዝቡ በጣም ይበዛል፣ ጀልባ ወረፋ አለው፣ አስጎብኚ ድምፁ አይሰማም፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ድንጋይና ደረጃ አይታየውም። ለእናንተ ቡድን ተራው ቀን ይሻላል፤ ፋኖሱ በየምሽቱ ይበራል። አንድ ጥቅም ግን አለው፦ በ14ና በ15 ብዙ ሰው ቻይ ስለሚበላ የጾም ምግብ በየቦታው ይገኛል። ረቡዕ ላይ ከገጠመ ይኼን አመዛዝኚ። ከሄዳችሁም ቤቶቹን በቀን ጨርሳችሁ ማታ ያለ ማብራሪያ ዝም ብላችሁ ተራመዱ።

ምኑን ልብ ብለን እንይ ላልሽው፦ መብራቱን እዩ። ከላይ የሚያበራ ነጭ ትልቅ አምፖል የለም፤ ብርሃኑ ዝቅ ያለ፣ ቢጫማና ከበር ከበር የሚወጣ ነው። ፋኖሱን እዚያው ሲሠሩት ግቡና እዩ። ቀርከሃው እንዳይነቅዝ በጨው ውኃ ተዘፍዝፎ ይደርቃል፣ ተሰንጥቆ አጽሙ ይሠራል፣ ሐር ይለጠፍበታል፤ ስለሚታጠፍ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። እኛ የመንዝን የሱፍ ሥራ ለእንግዳ ስናቀርብ መጠኑን ለሻንጣ አናስብም። ቀጥሎ ደግሞ የቤት ባለቤቶቹን ተመልከቱ፤ እንግዳው የሚገባው ሰው የሚኖርበት ቤት ነው፣ የትኬቱም ገንዘብ ለቅርሱ ጥገና ይውላል።

አሁን ወደ አንኮበር። የምኒልክን ቤተ መንግሥት ኮረብታ በጨለማ አታስወጡ፤ አቀበቱ ይንሸራተታል፣ ጉም ሲወርድ ሁለት ክንድ ላይ ያለ ሰው አይታይም። 10 ሰዓት ላይ ኮረብታው፣ ከዚያ ጭላዳዎቹ ለማደር ወደ ገደሉ ሲወርዱ ማየት፣ 12 ሰዓት ሲል ቤት ውስጥ እሳት ዳር መግባት። የምሽቱ ክፍል ወሬ፣ ጠላና እራት ይሁን እንጂ መራመድ አይሁን። ብርዱን ለእንግዳ ቀድማችሁ ንገሩ።

የሆይ አንን ዓይነት ጉብኝት ከፈለጋችሁ ግን ዓይናችሁን ከአንኮበር ሥር ወዳለችው አልዩ አምባ አዙሩ። ሆይ አን ከፉጂያን፣ ከካንቶን፣ ከጃፓን የመጡ ነጋዴዎች ከተማ እንደነበረች፣ አልዩ አምባም የአርጎባና የሐረር ነጋዴዎች ገበያ፣ ወደ ታጁራና ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርደው ቅፍለት መነሻ ነበረች። በፈረንጆቹ 1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ የተነሣው በዚያው መንገድ ነው። ሆይ አን የቆየችው ወንዙ በደለል ሲሞላ ንግዱ ወደ ዳ ናንግ ሄዶ ቤቱን የሚያፈርስ ሀብታም ስለጠፋ ነው፤ ይኼን ታሪክ እዚያ ስትሰሙ አልዩ አምባን እያሰባችሁ ስሙት። ቆላ ስለሆነች ምሽቷ ይመቻል። ከሽማግሌዎቹ ጋር ሳትስማሙ ግን ማንንም ሰው ቤት አታስገቡ፣ የመስጊድ ሰዓትም ጠይቁ፤ ከመግሪብ በፊት ተጀምሮ በሶላት ጊዜ ዕረፍት የሚደረግበት ፕሮግራም ይሁን።


ጣርማበር

አንድ የቀረ ነገር፦ ገንዘቡ። የ20,000 እና የ500,000 ዶንግ ኖቶች ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው፣ በፋኖስ ብርሃን ይመሳሰላሉ። የ20,000ው ጀርባ ላይ ያው የጃፓኖች ድልድይ አለ፣ በእሱ ለዩት። ከመውረዳችሁ በፊት ሚኒባሱ ውስጥ 500,000ዎቹን ለብቻ ኪስ አስቀምጡ፤ ለጀልባና ለሳይክሉ የ50,000 እና የ100,000 ዝርዝር ያዙ። የቬትናም ሰዓት ከኢትዮጵያ 4 ሰዓት ይቀድማል፤ ስልካችሁ በራሱ ካልቀየረ አስተካክሉት፣ ሾፌሩን ስትቀጥሪ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጽፈሽ ስጪው።